የጠፋ ፋይል እንዴት ይገኛል? ፎልደርስ እንዴት ይያዛል?

ፋይል ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ሪከቨሪ ሶፍትዌር (የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም) አለህ?» ነው። ቆይ፣ ቀስ። ጠፋ ከሚባለው ፋይል አብዛኛው አልጠፋም፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ፋይሉ የእውነት ተሰርዞ ከሆነ ደግሞ በጥድፊያ ዳውንሎድ ተደርጎ የሚጫነው ሶፍትዌር እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ሊያርፍና ጭራሽ ሊደመስሰው ይችላል። ስለዚህ ሪከቨሪው ይቆየን፣ መጀመሪያ እንፈልግ።

የምጽፈው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የሜኑዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ትቻቸዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ የምታገኙት እነሱን ነውና።

መጨረሻ ላይ በምን ከፈታችሁት?

«የት አስቀመጥኩት?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይረዳም። ብታውቁትማ አትፈልጉትም ነበር። የሚረዳው «መጨረሻ ላይ በምን ፕሮግራም ከፈትኩት? ከየትስ መጣልኝ?» የሚለው ነው። ፕሮግራሞቹ ከእኛ የተሻለ ያስታውሳሉ።

በወርድ የተጻፈ ከሆነ ወርድን ክፈቱና «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕን»፣ ቀጥሎ «ሪሰንት» በሉ። በቅርብ የከፈታችኋቸው ፋይሎች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ስር ያለበት ፎልደር ተጽፏል። ኤክሴልም ፓወርፖይንትም እንደዚሁ ናቸው። ሴቭ ሳታደርጉት መብራት ሄዶባችሁ ከሆነ ደግሞ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክዩመንት» ውስጥ ግቡ፤ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ» የሚል አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። እዚያ ያለው ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሚጸዳ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ።

እግረ መንገዳችሁን «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ውስጥ ገብታችሁ «አውቶሪከቨር» የሚለውን እዩት። ሲመጣ በየ10 ደቂቃው ተብሎ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው 10 ደቂቃ ረጅም ነው፤ 2 አድርጉት።

ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ ብራውዘሩ ላይ ኮንትሮልን ይዛችሁ ጄን ተጫኑ። የወረደው ሁሉ ዝርዝር ይወጣል፤ አጠገቡ የፎልደር ምልክት አለ፣ ስትነኩት ፋይሉ ያለበት ቦታ ወስዶ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ቴሌግራም። ሁሉም ሥራችን እዚያ ሆኗል፣ አድቫይዘር ያረመውን ቲሲስ በቴሌግራም ይልካል፣ አለቃ ሪፖርቱን በቴሌግራም ይልካል፣ የቤት ኪራይ ውሉ ሳይቀር በቴሌግራም ነው። እንግዲህ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። ኮምፒውተር ላይ ቻቱ ውስጥ ያለውን የወርድ ፋይል ትነኩታላችሁ፣ በወርድ ይከፈታል። «ኢነብል ኤዲቲንግ» ትሉና ሁለት ሰዓት ትሠራላችሁ። ሴቭ። ትዘጋላችሁ። ማታ እንደገና ከቻቱ ላይ ስትከፍቱት አንድም ለውጥ የለም! ሁለት ሰዓት ውሃ በላው ብላችሁ ታዝናላችሁ።

አልጠፋም። ቻቱ ላይ ያለው የተላከላችሁ ኦሪጅናል ነው። እናንተ የሠራችሁበት ኮፒ ብዙ ጊዜ «ዳውንሎድስ» ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ክፈቱና «ዴት ሞዲፋይድ» በሚለው አሰልፉት፤ ሥራችሁ ከላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ ጫፋቸው ላይ በቅንፍ 2 ወይም 3 የተጨመረባቸው ካሉ የሠራችሁበትን በሰዓቱ ለዩት። ለወደፊቱ ግን ከቻት የተከፈተ ፋይል ላይ አንድ ፊደል ሳትነኩ በፊት ኤፍ 12ን ተጫኑ፤ ወርድ «ሴቭ አዝ» ይላችኋል፣ የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ በራሳችሁ ስም አስቀምጡት።

ዚፕ ፋይልም የዚህ ዘመድ ነው። ዚፑን ሳትፈቱ ውስጡ ያለውን ፋይል ከፍታችሁ አትሥሩ። መጀመሪያ ራይት ክሊክ፣ «ኤክስትራክት ኦል»፣ ከዚያ ሥራ።

ፎልደር ሙሉ በሙሉ ከተሰወረ

አንድ ፎልደር ከነነፍሱ ከጠፋ፣ ዘጠና በመቶ ማለት ይከብዳል እንጂ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማውዙን ነው። ሳይታወቅ ተጎትቶ አጠገቡ ያለ ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ወዲያው ካስተዋላችሁ ኮንትሮልና ዜድ መልሶ ያወጣዋል። ከቆየ ግን ጎረቤት ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ።

ሪሳይክል ቢንንም ክፈቱት። ስንቱ ሰው ሳይከፍተው ቴክኒሻን ጋ እንደሚሄድ! «ዴት ዲሊትድ» በሚለው ካሰለፋችሁት የመጨረሻው ከላይ ይመጣል፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሪስቶር» ስትሉ ድሮ የነበረበት ቦታ ራሱ ይመለሳል። ሁለት ነገር ግን ሪሳይክል ቢን አይገባም፦ ሺፍትን ይዛችሁ ዲሊት ያደረጋችሁትና ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ።

ዴስክቶፑ በሙሉ ባዶ ሆኖ፣ ዎልፔፐሩ ሳይቀር ተቀይሮ ከተነሳ ደግሞ ዊንዶውስ በጊዜያዊ አካውንት አስገብቷችሁ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ምንም አታስቀምጡ፣ ስትወጡ ይጠፋልና። ሪስታርት አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዋን ድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ተከፍቶ ከሆነም ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ወደ ዋን ድራይቭ ፎልደር ተዛውረው ይሆናል። ፎልደር ስትከፍቱ በግራ በኩል ያለውን የደመና ምልክት ነክታችሁ ውስጡን አጣሩ።

ፍላሹ ባዶ ነው ሲላችሁ

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ፣ ፍላሹን ሰጥታችሁ፣ ሲቪያችሁን አሳትማችሁ ቤት ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ወይም ጭራሽ ምንም የለም። ይህን ያላየ የፍላሽ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም።

አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። ፍላሹ ባዶ ይመስላል፣ ግን 6 ጊጋ ተይዟል ይላል? እንግዲያው ፋይሎቹ አሉ። ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቶቹን አትንኩ፣ ስትነኩት ነው ወደ እናንተ ኮምፒውተር የሚዛመተው። መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል፣ ራይት ክሊክ ስታደርጉ የስካን ምርጫው ይመጣል።

ቀጥሎ የተደበቀውን ማየት ነው። በ11 ላይ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ሂደን አይተምስ» በሉ፤ በ10 ላይ «ቪው» ውስጥ በቀጥታ ታገኙታላችሁ። ይኼ ብቻውን ላያሳያችሁ ይችላል። ቫይረሱ ፋይሎቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» የሚለው ታብ ላይ ገብታችሁ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት አለባችሁ። ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፣ «የስ» በሉት። አሁን ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። አንዳንዴ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ታገኟቸዋላችሁ። ውስጣቸው ያሉትን የራሳችሁን ሰነዶች ብቻ አዲስ ፎልደር ከፍታችሁ ወደ ኮምፒውተራችሁ ገልብጡ፤ የማታውቁትን ፋይል እዚያው ተዉት። ከጨረሳችሁ በኋላ ያነሳችሁትን ምልክት መልሱ፣ አለበለዚያ የዊንዶውስን ፋይል በስህተት ትሰርዛላችሁ። ፎርማት ማድረግ አሁን ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ለመሄድ ለብቻዋ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ። የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑርባት። ዋናውን ፍላሽ ይዞ የሚዞር ሰው ጀግና ነው።

ሰርች ለምን አያገኘውም?

ሰርች የሚያቅተው ብዙ ጊዜ በእኛ አጻጻፍ ምክንያት ነው፣ በአማርኛ ፋይል ለሚሰይም ሰው ደግሞ የባሰ ነው።

አንደኛ ነገር፣ የዊንዶውስ ሰርች ብዙ ጊዜ ቃሉን የሚያየው ከመጀመሪያው ነው። ፋይሉን «የቤት ኪራይ» ብላችሁ ሰይማችሁ «ቤት» ብላችሁ ብትፈልጉ ላያመጣው ይችላል፣ ምክንያቱም ቃሉ የሚጀምረው በ«የ» ነው። የእኛ ቃል ደግሞ ፊቱ ላይ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ሳይለጠፍበት አይውልም። መፍትሔው ከፊት የኮከብ ምልክት ማድረግ ነው፦ *ቤት። ኮከቧ «ከፊት ምንም ይኑር» ማለት ናት።

ሁለተኛ፣ ሰ እና ሠ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ በ እና ተ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሠራተኛ» ተብሎ የተቀመጠውን «ሰራተኛ» ብላችሁ ብትፈልጉት እስከ ነገ አያመጣውም። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። «ሂሳብ» ካጣችሁ «ሒሳብ» ሞክሩ። ወይም አጠራጣሪውን ፊደል ዝለሉትና *ራተኛ ብላችሁ ፈልጉ። ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው አንድ ፎልደር የሚጠቀም ከሆነ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ተነጋገሩ፤ ነገሩ ተራ ይመስላል፣ ግን የግማሽ ቀን ፍለጋ ያተርፋል።

በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ስሞችም ያው ናቸው። ጽዮንን አንዱ በቲ ኤስ ይጀምራታል፣ ሌላው በቲ ብቻ፣ ሦስተኛው በኤስ። ከስሙ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሚጽፈውን ክፍል ብቻ ወስዳችሁ በኮከብ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ድሮ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጠቀምበት የፊደል አመዘጋገብ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች አሉ። ውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢሆንም ለኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ስለዚህ በይዘት ብትፈልጉት አይገኝም፤ በፋይሉ ስም ወይም በቀን ነው የሚፈለገው። ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ካሳያችሁም ተበላሽቷል ብላችሁ አትሰርዙት፣ ፎንቱ ስላልተጫነ ሊሆን ይችላል።

በስም መፈለግ ለሚያዘወትር «ኤቭሪቲንግ» የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። በዋናነት የሚፈልገው በስም ነው፣ ግን ገና እየተየባችሁ ያመጣዋል። በፍጥነት የዊንዶውስ ሰርች አይወዳደረውም።

በቀን ስትፈልጉ የእኛን ካሌንደር አትርሱ

ስሙ ጨርሶ ከጠፋባችሁ በቀን ፈልጉ። ፎልደሩን «ዲቴይልስ» በሚለው አቀማመጥ አድርጉና «ዴት ሞዲፋይድ» አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትነኩ ካሌንደር ይመጣል።

ችግሩ ማስታወሻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚመዘግበው። «ፕሮፖዛሉን ታኅሣሥ 2017 ላይ ነው የጻፍኩት» ካላችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ከዲሴምበር 10፣ 2024 እስከ ጃንዋሪ 8፣ 2025 ድረስ ነው። አያችሁ፣ አንድ ወር ውስጥ ዓመት ይሻገራል። ብዙ ሰው ዲሴምበርን ብቻ አይቶ «የለም» ብሎ ይዘጋል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት ኮምፒውተሩ ላይ 9 ፒኤም ይላል። ቀኑ 3/5 ተብሎ ከተጻፈም መጀመሪያ የመጣው ወሩ ይሁን ቀኑ አረጋግጡ፤ አሜሪካን አቀማመጥ ላይ ያለ ኮምፒውተር ወሩን ነው የሚያስቀድመው፣ ስለዚህ ማርች 5 ነው።

አሰያየም ከፎልደር ይበልጣል

ብዙ ሰው ተደራጀሁ የሚለው ፎልደር በፎልደር ላይ ሲከፍት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ፎልደሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውስጡ ያለው «ዶክዩመንት 1»፣ «ስካን 0034»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ፋይናል» እና «ፋይናል የእውነቱ» ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ስሙ በደንብ ከተሰጠ ፋይሉ የትም ይቀመጥ፣ ሰርች ያመጣዋል።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ቀን፣ ምንነት፣ የማን ወይም ከማን፣ ያለበት ደረጃ። ለምሳሌ «2017-04-15 ውል ቤት ኪራይ ቦሌ የተፈረመ»። ቀኑ ሲጻፍ ዓመቱ ይቅደም፣ ወርና ቀን ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ይሁኑ፣ ጳጉሜ 13 ናት። እንዲህ ከሆነ ፋይሎቹ በስም ሲሰለፉ ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። እዝባሩን አትጠቀሙ፣ 15/04/2017 ብላችሁ ብትሞክሩ ዊንዶውስ አይቀበላችሁም፤ ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብም (:) ክልክል ናቸው። ዋናውን ቃል ደግሞ ባዶውን ጻፉት፣ «የውል» ሳይሆን «ውል»፤ ቅድም ስለ ሰርች ያልኩትን አስታውሱ።

ካሌንደሩን ግን አንዱን ምረጡና ጽኑበት። 2017 የሚል ፋይል በእኛ ይሁን በፈረንጅ ካልታወቀ የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ነው የሚፈጥረው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከግብር ጋር የሚሠራ ሰው የእኛን ቢይዝ ይሻለዋል፣ ከውጭ ድርጅት ጋር የሚሠራ የፈረንጁን።

እየተስተካከለ ለሚሄድ ሰነድ «ፋይናል» የሚለውን ቃል ተዉት። ቁ01፣ ቁ02 በቂ ነው። የተላከውን «የተላከ»፣ የተፈረመውን «የተፈረመ» በሉት፣ አለቀ። ስም ለመቀየር ፋይሉን መርጣችሁ ኤፍ 2ን ተጫኑ።

ፎልደሮቹ

ከላይ አራት ወይም አምስት ይበቃሉ፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ የግል ሰነድ፣ ፎቶ፣ ገና ያልተለየ። «የግል ሰነድ» ውስጥ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም ስካን ተደርጎ በአንድ ቦታ ይኑር። ማስታወቂያ ወጥቶ ነገ ያበቃል ሲባል ነው ጥቅሙ የሚገባው። ከሦስት ደረጃ በላይ አትውረዱ። ቢሮ ከሆነ በበጀት ዓመት መክፈል ጥሩ ነው፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ አዲስ ፎልደር።

«ገና ያልተለየ» የምትለዋ ቀልድ አይደለችም። ጊዜ ሲያጥር ሁሉንም እዚያ ክተቱ፣ በሳምንት አንዴ አርብ ከሰዓት አጽዱት። ይህ ከሌለ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚከመረው።

የአምስት ዓመት ክምርስ? ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ ለመለየት አትነሱ፣ ሁለተኛ ቀን ላይ ይሰለቻችኋል። ያለውን በሙሉ «እስከ ዛሬ ያለው» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቱትና ከነገ ጀምሮ በአዲሱ አያያዝ ሥሩ። ከድሮው የሚያስፈልግ ፋይል ሲመጣ ብቻ እሱን አውጡት፣ ስሙን አስተካክሉት፣ ቦታው አስገቡት። ከዓመት በኋላ ማንም ያልነካው ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሂድ።

የእውነት ከተሰረዘ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ከሆነ

ሁሉንም ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ፋይሉ የነበረበትን ድራይቭ መጠቀም አቁሙ። የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ አለ። እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ያለ ነፃ ሶፍትዌር በሌላ ድራይቭ ላይ ጫኑ፣ የሚገኘውንም ወደ ሌላ ድራይቭ አውጡ። ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ ላይ ጥሩ ዕድል አለ። ኤስኤስዲ (አዲሱ ፈጣን የድራይቭ ዓይነት) ከሆነ ግን ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው አነስተኛ ነው።

መጠባበቂያ ኮፒው ሁለት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ሰነድ ብቻ ከሆነ የምትጭኑት ለብዙ ዓመት ይበቃል፣ ብዙ ዳታም አይበላም። የቴሌግራሙ «ሴቭድ ሜሴጅስ»ም ለጊዜው ያገለግላል። ፓስፖርትና መታወቂያ እዚያ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን አካውንታችሁ ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ።

ቴክኒሻን ጋ ስትሄዱ ደግሞ «ሲን ብቻ ነው ፎርማት የማደርገው፣ ዲ አይነካም» ይላችኋል፤ ሲ እና ዲ የኮምፒውተሩ ድራይቮች ናቸው። እውነቱን ነው። ግን ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ያ የቴሌግራም ፎልደርም ጭምር፣ ሁሉም ያሉት ሲ ላይ ነው! ከመስጠታችሁ በፊት ሲ ውስጥ «ዩዘርስ» ገብታችሁ በስማችሁ ያለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ውጭ ገልብጡት። ረስታችሁ ከሆነና ቴክኒሻኑ ፎርማት ሳያደርግ ከላይ ብቻ ጭኖት ከሆነ፣ ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚባል ፎልደር አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ የድሮው «ዩዘርስ» እዚያ ውስጥ ይገኛል። ዊንዶውስ ራሱ ከቀናት በኋላ ሊያጠፋው ስለሚችል ቶሎ አውጡት። ከዚያ ዶክዩመንትስ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሎኬሽን»፣ «ሙቭ» ብላችሁ ወደ ዲ አዛውሩት፤ ዴስክቶፕንም በዚያው መንገድ።